ቆጥ ላይ ስለተሰቀለው ጠመንጃ፦ ግልጽ ደብዳቤ በወሎ ለምትገኙ የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች

ይድረስ ከቆቦ እስከ ወረኢሉ፣ ከላስታ እስከ ባቲ ለምትሠሩ የወረዳና የከተማ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለሚሊሻ ጽሕፈት ቤቶችና ለፖሊስ።

እንደምን ከረማችሁ? ደህና ናችሁ?

ጉዳዬን ሳላረዝም ልንገራችሁ። «መሣሪያችሁን አስመዝግቡ»፣ «ትርፍ መሣሪያ አስረክቡ» የሚል ጥሪ በየጊዜው ይወጣል። ሕዝቡ ስብሰባ ይጠራል፣ ይሰማል፣ «እሺ» ይላል፣ ቤቱ ይገባል። ጠመንጃው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እናንተም «ሕዝቡ አልተባበረም» ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይልኝ። ሰው ትከሻ ላይ ስላለው፣ በየቀኑ ስለሚያቀባብለው ክላሽ አይደለም የምጽፈው። የሱ መፍትሔ ከእናንተም ከእኔም ደብዳቤ በላይ ነው፤ ፖለቲካው ሲፈታ ነው እሱ የሚፈታው። የኔ ጉዳይ ሌላው ነው። ቆጥ ላይ የተሰቀለው፣ ከጎታ ጀርባ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የቆመው፣ ባለቤቱ ከተኮሰበት አሥርና ሃያ ዓመት ያለፈው፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ራሱ የሞተበት ጠመንጃ። እንዲህ ያለው በየቤቱ ሞልቷል። ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቤትም አለ።

እስካሁን የምትጠይቁን «ስንት አላችሁ?» ብላችሁ ነው። «የማትጠቀሙበትን ለምን አስቀመጣችሁት?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሰማን የለም። እሱ ካልተጠየቀ ጥሪው ለመቶ ዓመት ቢደጋገም ውጤቱ ያው ነው።

ብዙዎቹ እንደ መሣሪያም አያገለግሉም። ውጅግራ ከፈረንሳይ የመጣ፣ አንድ ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነው፤ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን የለውም። ቤልጅግ የሚባለው ማውዘር የሚጎርሰው 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ሲሆን በየቦታው የሚገኘው ደግሞ የክላሹ 7.62 ነው፤ አይገጥምለትም። በዝናር የቀሩት ጥቂት ጥይቶች አርጅተዋል። ያረጀ ጥይት አንዳንዴ ይከሽፋል፣ አንዳንዴ ምላጩ ከተሳበ በኋላ ዘግይቶ ይፈነዳል፤ ጠመንጃው ውስጡ ዝጎ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው የተኮሰውን ሰው ነው። ባለቤቶቹ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። እና ለምን አስቀመጡት?

መጀመሪያ፣ የአባት ነው። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ወሎ ያልዋለበት ጦር ሜዳ የለም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት ሲሸነፍ ወንድና ጠመንጃ እዚያው የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ የተረፈው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከማይጨው የተመለሰው፣ በአምስቱ ዓመት ዱር ለዱር የተዞረበት መሣሪያ ከአባት ወደ ልጅ ሲሄድ ብረትነቱ ያበቃል። ፎቶግራፍ ባልነበረበት አገር የአያት ፎቶ እሱ ነው። አባት ሲሞት ለቅሶው ላይ ፈረሱና ጠመንጃው ወጥቶ ይታያል፣ አልቃሽ እሱን እየጠራች ታለቅሳለች። እንግዲህ ይህን ሰውዬ «ትርፍ መሣሪያ አምጣ» ስትሉት በእሱ ጆሮ «አባትህን ጎተራ ወርውር» ነው የሚሰማው። ከተረከባችሁት በኋላ የት እንደምታደርጉት ነግራችሁት አታውቁም። እሱ የሚያየው ከሌላው ጋር ተከምሮ ዝናብ ሲመታው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ከከተማ የሚመጡ አሠልጣኞች ጨርሶ አይገባቸውም።

በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልተርክም። ግን ከዚያ የተረፉ ሰዎች ንብረትን የሚያዩበት ዓይን ከሌላው ይለያል። በሬ ሣር ይበላል፣ ይታመማል፣ ድርቅ ሲመጣ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይረክሳል፣ እህሉ ደግሞ ይወደዳል፤ ያኔ አንድ በሬ ስንት ቁና እንዳመጣ የኛ ሽማግሌዎች እስከዛሬ ያወራሉ። ጠመንጃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይሞትም። መሬቱ ደግሞ ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው፣ አይሸጥም። ታዲያ ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ ምን ቀረው? ወርቅ ያላት ሴት ጥቂት ናት። ባንክ ገጠር የደረሰው ትናንት ነው፤ ብሩም ባንክ ተቀምጦ ዓመት ሳይሞላው የሚገዛው ነገር እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ቆጥ ላይ ይቆያል። ልጅ ሲታመም፣ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ለደላላ ክፈሉ ሲባል፣ ያኔ ይወርዳል።

ይህን ሰው በነጻ አስረክብ ማለት የቁጠባ ደብተርህን ቅደድ ማለት ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም እንቢ የሚለው።

ፍርሃትም አለ፣ አዎ። «እኔ ብፈታ ጎረቤቴስ? እሱ ቢፈታ ወንዝ ማዶ ያለውስ?» የሚል ፍርሃት። ደም ያለባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የፈሰሰ ደም፣ አባጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ገብተውበት፣ ካሳ ተከፍሎበት፣ ሸሁም ቄሱም መርቀውት የታረቀ፣ ግን ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን ያልሸጠበት። የሚተኮስ ሆኖ አይደለም። እዚያ ቤት ጠመንጃ እንዳለ መታወቁ ብቻ ይበቃል ብለው ነው። ብዙ ጊዜ ጥይት እንኳ የለውም፤ ይህን የሚያውቁት ባለቤቱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሲመዘገብ ይህ ምስጢር ይወጣል፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ የማይሠራ ጠመንጃውን ከሚሠራው አብልጦ የሚደብቀው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እናንተን አያምኗችሁም።

በስድብ አትውሰዱብኝ፤ በግል እናንተን አይደለም። ዝርዝሩን ነው። በወሎ ሽማግሌዎች ትዝታ፣ ስም የተጻፈበት የጠመንጃ ዝርዝር መልካም ነገር አስከትሎ አያውቅም። ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃ ለቀመ። ደርግ ከባለርስቱ ወስዶ የገበሬ ማኅበሩን አስታጠቀ። በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ እንደገና ለቀማ፣ እንደገና የራሱን ማስታጠቅ። የሰጠ ሁሌ ያው የተመዘገበው ነው፤ የደበቀው ቀረለት። ልጆቹ ከዚህ ምን ይማራሉ ብላችሁ ነው?

እሱ ድሮ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የቅርቡን እንይ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው ተባለ። ጥሩ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ደረሰ፣ በጥቅምት 2014 ደሴ ገባ፤ በዚያው ወር የክልሉ መንግሥት ራሱ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ እንዲዘምት ጥሪ አቀረበ። ቆጥ ላይ የነበረው ሁሉ ያኔ ወረደ፤ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ የማደራጀት ውሳኔ ሲሰማ ደግሞ «ቀጥሎ የገበሬው ትጥቅ ነው» የሚል ወሬ አገር አዳረሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ገበሬ «ፈቃድ አውጣ»፣ «ይዘህ ዝመት»፣ «ፍታ» ሲባል ሰማ። በእሱ ቦታ ሁኑና እስኪ ፍረዱ። እኔ ብሆን ቆጡ ላይ መልሼ ሰቅዬው «የለኝም» ነበር የምለው።

ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ተለቀዋል ከተባለ በኋላ ስንት ቤተሰብ ተመልሶ ምን እንዳገኘ ታውቃላችሁ። በእነዚያ ሳምንታት ባዶ እጁን የነበረ ሰው፣ ጠመንጃ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር ብሎ ያምናል። እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ በበኩሌ አንድ አሮጌ ምንሽር ከከባድ መሣሪያ ማንንም ያድናል ብዬ አላምንም። ግን እምነቱ አለ፤ በፖስተርና በስብሰባ አይነቀልም።

ከሁሉ በላይ ግን የምጽፍላችሁ ስለ እናቶች ነው።

በእኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው አንዱ ጅዳ፣ አንዷ አዲስ አበባ። ጠመንጃው እስከዛሬ ቤታቸው ነው። መጉረስ አለመጉረሱን አያውቁም፤ መንካትም ይፈራሉ፤ የልጅ ልጆች በመጡ ቁጥር መኝታ ቤቱን ይቆልፉታል። አንድ ጊዜ ደፍረው አንድ ቢሮ ሄደው ጠየቁ። የተመለሰላቸው ምን መሰላችሁ? «ባልሽ ፈቃድ ነበረው? ከየት ነው ያመጣው? ሌላስ የት አለ?» እሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ ለጎረቤት ነው የጠየቅሁት» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ደላላ ይመላለስባቸዋል። ደላላው ከየት አመጣሽው አይልም፣ ብር ቆጥሮ ይሰጣል፣ በሌሊት መጥቶ ይወስዳል።

አያችሁ? በዚህ ሁሉ ውስጥ በትሕትና የሚያናግራቸው ደላላው ብቻ ነው። እናንተ ከደላላው የተሻለ በር ካልከፈታችሁላቸው ያ ጠመንጃ አንድ ቀን ይወጣል፤ የሚወጣውም ለሚተኩስበት ሰው ነው። ሕገወጥ ዝውውር ትሉታላችሁ፤ እኔ በዓይኔ የማየው ግን ብዙው የሚጀምረው ባል ከሞተባት ሴት ቤት ነው።

ሌላም አለ። ማስረከብ የሚፈልግ ሰው እንዴት አድርጎ ያስረክብ? መሣሪያውን ተሸክሞ ከገጠር ቀበሌው እስከ ወረዳ ከተማ በእግሩ ይምጣ? መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ «ላስረክብ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ሌላ ወገን ካገኘው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቤቴ ኑና ውሰዱ ካለ ፓትሮል መኪና በሩ ላይ ይቆማል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያያል፣ ማታ ወሬው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዝም ይላል።

ልብ በሉልኝ፣ ጠመንጃ የወንድ ክብር ነው፣ ያለ እሱ ሰው ሰው አይደለም የሚሉትን አልደግፍም። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሰው የወረደችው ጥይት ማን ላይ እንዳረፈች የማይጠይቁትንም እቃወማለሁ። በዚያው መጠን፣ ቤት ለቤት ፈትሾ መልቀም ነው መፍትሔው የሚለውንም እቃወማለሁ። ፍተሻው የሚያገኘው የእማማን አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ የሚተኮሰውን አያገኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቃችሁ ሁሉ በአንድ ወረዳ አቅም ሊሞከር የሚችል ነው፤ ከበላይ ፈቃድ የሚያስፈልገው ካለም አስፈቅዱ፣ ሥራችሁ ነው።

የመጀመሪያው ምሕረት ነው። በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን የተቆረጠለት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ያስረከበ ሰው ከየት አመጣኸው አይባልም፣ አይከሰስም፣ ስሙ ለሌላ ጉዳይ አይውልም የሚል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 ገንዘብ እየከፈለች 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ ሰበሰበች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ምንም ሳትከፍል፣ አትጠየቁም ብቻ ብላ ሦስት ወር ሰጠች፤ ከ57,000 በላይ መጣ። ልብ በሉ፣ ያለ ክፍያ ነው። ሰው በየቤቱ ሸክም ይዞ ኖሯል፤ የጠበቀው በሩን ነው።

ለመረከቡም የቅሬ፣ ማለትም የሰፈር እድር፣ ዳኞችን ተጠቀሙ። በእያንዳንዱ ሰፈር ሰው የሚያምነው ቅሬ አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት፣ ማን ቤት ማን እንደሞተና ምን እንደቀረ የሚያውቅ። የቅሬው ዳኛ ከአንድ ሽማግሌና መሣሪያ ከሚያውቅ አንድ የፖሊስ ባለሙያ ጋር ሆኖ ቤት ድረስ በሰላም ይምጣ፣ ጠመንጃውን ያራግፍ፣ ደረሰኝ ይስጥ። ደረሰኙ ላይ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር ይጻፍ፤ ቅጂው ቅሬው ዘንድ ይቀመጥ። የተረከባችሁት መሣሪያ በኋላ ገበያ ላይ ቢገኝ ከማን እጅ እንደወጣ እንዲታወቅ ነው። በግልጽ ልናገር፣ ሕዝቡ ከሚፈራው አንዱ ይህ ነው፤ የሰጠሁት ጠመንጃ ተመልሶ ይሸጣል የሚለው።

የአባቴ ነው፣ አልሰጥም ለሚለው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ጠመንጃው እንዳይተኩስ ተደርጎ ይመለስለት። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ይውጣ፣ ጥይት የሚቀመጥበት በብየዳ ይደፈን፣ ማቀባበያው አብሮ ይበየድ፤ ማረጋገጫ ወረቀት ተሰጥቶት ግድግዳው ላይ ይስቀለው፣ ለቅሶም ላይ ያውጣው። በደንብ ይሠራ ግን። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ፓሪስ ላይ ለደረሰው ጥቃት ከዋሉት ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ አይተኩሱም ተብለው የተሸጡና መልሰው የተጠገኑ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት አሠራሩን አንድ ወጥ አድርጎ አጠበቀ። ደሴና ኮምቦልቻ እጁ የተባረከ በያጅ ሞልቷል፤ ፖሊስ እያየ ይሠራል።

ለክፉ ቀን ብሎ ለያዘው የምትሰጡት አይጥፋ። ጥሬ ብር ከሌላችሁ ሌላ አለ። ሞዛምቢክ ውስጥ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤቱ መሣሪያ ላመጣ ሰው የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌትና የእርሻ መሣሪያ ይሰጥ ነበር። ለኛ ደግሞ በግ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ስረዛ፣ ለእናቶቹ የጤና መድን መዋጮ፤ ምን እንደሚሻል ቅሬውን ጠይቁት። በደላላው ዋጋ አትወዳደሩም። መወዳደርም የለባችሁም፤ ብዙ ሰው በሌሊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ በቀን የሚመጣን ይመርጣል።

ታሪክ ያለው መሣሪያ ሲገኝ ደግሞ ለይታችሁ አስቀምጡ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ባለቤቱ ፈቅዶ ከሰጠ የሰገሌውን፣ የማይጨውን ጠመንጃ ከነባለቤቱ ስምና ከነታሪኩ እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሄዶ ያየዋል። «የት ታደርጉታላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አገሩ ገና አልተረጋጋም፣ ጊዜው አይደለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለሚተኮሰው መሣሪያ እውነት ነው። ለማይተኮሰው ግን ጊዜው አሁን ነው፤ ጦርነት ሲራዘም የአሮጌው ጠመንጃ ዋጋ ይወጣል፣ የደላላው እግር ይበዛል፣ የሟች ቤትም ይበዛል።

ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ አልልም። አንድ ቀበሌ ምረጡ። መኸሩ ከገባ በኋላ፣ ሰው ፋታ ሲያገኝ ይሁን። ባል የሞተባቸውን እናቶች አስቀድሙ፤ እነሱ ጠመንጃውን ከቤታቸው ማውጣት የሚፈልጉት ዛሬ ነው። የምሕረቱን ወረቀት በገበያ ቀን ለጥፉ፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ይነበብ። በእኛ ሰፈር ከጀመራችሁ የቅሬውን ዳኛ አነጋግሬላችኋለሁ፤ እሳቸውም ቤት ለቤት አብረዋችሁ ለመዞር ፈቃደኛ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የደሴ ነዋሪ